የተረፈ ክር የሠሪ ነው

እኔ ዳንቴል አልወድም። ይህን ስናገር የኛ ሰፈር ሴቶች ይደነግጣሉ፤ ገዳሪፍ ያደገች የሐበሻ ልጅ ዳንቴል አልወድም ስትል ጨው አልወድም ያለች ይመስላቸዋል። ኧረ ተዉኝ። በእናቴ ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ነገር አልነበረም። ቴሌቪዥኑ ላይ ዳንቴል፣ ሬዲዮው ላይ ዳንቴል፣ የውሃው እንስራ ክዳን ላይ ሳይቀር ዳንቴል። ሀቡብ በመጣ ቁጥር፣ ያ ቀይ አቧራ ሰማዩን ጋርዶ ቤቱን ሞልቶ በሄደ ቁጥር፣ ሁሉም ተገፎ ይራገፋል፣ ይታጠባል፣ ገመድ ላይ ይሰጣል። የሚያራግፈው ማን ነው? እኔ። የሚያጥበውስ? እኔው ነኝ።

እናቴ እኔን በጀርባዋ አዝላ በመተማ በኩል ስትሻገር ከያዘችው ዕቃ ሁሉ እንጀራ የሆናት ኪሮሿ፣ የዳንቴል መሥሪያ መርፌዋ ብቻ ነው። አባቴ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ስለ እሱ እቤታችን አይጠየቅም። መጀመሪያ ድንበሩ አጠገብ ባሱንዳ በሚባል ቦታ ሰሊጥ አረመች፣ አጨደች። ወገቧ እምቢ ሲላት ገዳሪፍ ገባችና ለሱዳን ሙሽሮች የአልጋ ልብስ መሥራት ያዘች። ልጇን የምትድር እናት ክሩን ገዝታ ትሰጣለች፣ እናቴ አንግረቧ፣ የገመድ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ትሠራለች። በመሃል ደላላ አለች። ክሩን ከባለቤቲቱ ተቀብላ ለሠሪ የምታደርስ፣ ያለቀውን ደግሞ ለባለቤቲቱ የምትመልስ እሷ ናት። ሠሪና ባለቤት ተያይተው አያውቁም፤ ነገሬ ሁሉ የተበላሸው በዚህ ምክንያት ነው።

ዳንቴል ሠሪዎች አንድ ሕግ አላቸው። የተረፈ ክር የሠሪ ነው። ልብስ ሰፊ ቁርጥራጩ እንደሚቀርለት ማለት ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ "የቀረችውን መልሽልኝ" የምትል ባለቤት ብትኖር በንፉግነት ስሟ ይነሳል። እናቴ ያንን ተራፊ በፌስታል ታከማቸዋለች። ከነጩ ክንድ የምታህል፣ ከሮዙ ስንዝር፣ ከአረንጓዴው እፍኝ። ትልቁን ሥራ ስታስረክብና ሌላ እስኪመጣ ስትጠብቅ፣ ከፌስታሉ እየጎተተች የብርጭቆ ማስቀመጫ ትሠራ ነበር።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ስላልወደድኩት አላውቀውም ማለት አይደለም። ክሩን ጣቷ ላይ ጠቅለል አድርጋ ትንሽ ቀለበት ታወጣለች። ኪሮሹን በቀለበቱ ውስጥ እየሰደደች ክሩን ትስባለች፣ ከዚያ ዙሪያውን መዞር ነው። ዙሩ በሰፋ ቁጥር ቀዳዳው ይጨመራል፤ ካልተጨመረ ሥራው ይሰበሰባል፣ ከበዛ ደግሞ ይሸበሸባል። አንዱ ቀለም ባለቀበት ሌላው ይቀጠላል። መዳፍ ሲያክል ጠርዙን በጥቃቅን ጉብ ጉብ ትከበዋለች፤ ይህን ጥርስ እንለዋለን። ጥርስ ያልወጣለት ዳንቴል አለቀ አይባልም፤ ሰው ፊት አይቀርብም።

ልታስተምረኝ ሞክራለች። እኔ ግን እጄ ይጠብቃል። ስናደድ ክሩን እስበዋለሁ፣ ስስበው ይጠብቃል፣ ሲጠብቅ ኪሮሹ አልገባ ይላል፣ አልገባ ሲል የባሰ እናደዳለሁ። ጠፍጣፋ መሆን የነበረበት ነገር እየተሰበሰበ መሃሉ ይጎደጉዳል። እናቴ አንዱን አንስታ ጡጫዋ ላይ ደፋችና፣ "ይች ለጨቅላ ቆብ ትሆናለች" ብላ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀችብኝ። እኔ ምኑም አላሳቀኝም። ኪሮሹን ወረወርኩና ገበያው መሃል ባልዲና ሳህን የሚሸጥ ሱዳናዊ ዱካን፣ ሱቁ ውስጥ ማለት ነው፣ ተቀጠርኩ። ቀኑን ሙሉ በዓረብኛ ስከራከር ውዬ እገባለሁ፤ እሱ ለኔ ከዳንቴል ይሻለኝ ነበር።

ላገባው የፈለግኩትን ልጅም ያገኘሁት እዚያው ዱካን ነው። የትራክተር መካኒክ ነበር። ጀሪካን ልገዛ ብሎ መጥቶ ሳይገዛ ሄደ። በማግስቱም መጣ፣ ዋጋ ጠየቀ፣ ሳይገዛ ሄደ። በሦስተኛው ላይ "አንተ፣ ጀሪካኑን ልታገባው ነው እንዴ?" አልኩት። ጆሮው ድረስ ቀላ። ወደድኩት፣ ምን ላድርግ። እርጋታው፣ ዘይት የጠጣው ጥፍሩ፣ ስቆጣ ዝም ብሎ የሚያየኝ አስተያየቱ፣ ሁሉንም ወደድኩት። ኋላ ግን ያው እርጋታ አንጀቴን አሳረረው።

ያደገው ከገዳሪፍ ራቅ ብላ ባለች ፋው በምትባል ከተማ ነው፤ እናቱ እዚያ ነበሩ። በራሃድ መስኖ ጥጥ እየለቀሙ ልጆቻቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። አንዴ ካሉ አሉ ነው ይሏቸዋል። ልጁ ገና ከመጀመሪያው፣ እናቴ እሺ ካላለች እኔ አላገባም ብሎኛል። ይህን ሲነግረኝ ጨዋነት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። የልጅ ነገር።

አዝመራው ተሰብስቦ ብርዱ ገባ ሲል ሊያዩኝ መጡ። ልጁና እናቱ፣ ከነሱ ጋር ደግሞ እዚሁ ገዳሪፍ የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር አዛውንት፤ ሽምግልናውን የያዙት እሳቸው ናቸው። እናቴ ከሳምንት በፊት ጀምራ ቤቱን ገለበጠችው። በዚያ ቀን ከሳጥኗ ሥር አንድ ጥቅል አውጥታ ፈታች። ከዚያ በፊት አይቻቸው የማላውቃቸው የብርጭቆ ማስቀመጫዎች ናቸው። መሃላቸው ነጭና አረንጓዴ ተራፊ፣ ጠርዛቸው ግን ዙሪያውን የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ ክር፤ ወይን ጠጅ ስትለው ሮዝ የሚሆን፣ የሚያብለጨልጭ። ያን ዓይነት ክር ገዳሪፍ ሱቅ ውስጥ ዓይቼ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር፣ ዳንቴል የማልወደው እኔ እንኳ አማሩኝ።

ከርከዴውን፣ ያን የሱዳን ቀይ መጠጥ፣ በብርጭቆ ቀድቼ፣ ብርጭቆዎቹን በነዚያ ላይ ደርድሬ፣ ትሪውን ይዤ ገባሁ። አዛውንቱ የወጉን ተናገሩ። ለእያንዳንዱ ማስቀመጫውን አንጥፌ ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። ያን ጊዜ እናቴ ምን ብትል ጥሩ ነው? የእጇ ሥራ ነው፣ ልጄ ናት የሠራችው አለች። ትሪው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ዓይኗን ብፈልገው ወደ ጣሪያው ታያለች። ሰፈሩ ሁሉ ባለቆቧ እያለ የሚስቅብኝን ሴት፣ አማቴ ሊሆኑ በመጡ ሴት ፊት ባለሙያ አደረገችኝ። ደሜ ፈላ። ነገ ሠርተሽ አሳይኝ ቢሉኝስ?

የልጁ እናት ብርጭቆውን አንስተው ወደ ጎን አደረጉና ማስቀመጫውን በእጃቸው ያዙ። ገለበጡት። የጠርዙን ክር በአውራ ጣታቸው አሹት። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞረው "ክሩን ከየት አገኘሽው፣ ልጄ?" አሉኝ።

እኔ ደግሞ በውሸቱ ተቃጥዬ ስለነበር ቢያንስ አንድ እውነት ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ። እኔ አይደለሁም የሠራሁት፣ እኔ ዳንቴል አልችልም፣ እናቴ ናት፣ ክሩም የሙሽራ አልጋ ልብስ ስትሠራ የተረፈ ነው አልኩ። ጎሽ፣ እውነት ተናገርኩ ብዬ ኮራሁ። የልጁ እናት ወደ እናቴ ዞሩ። የማን አልጋ ልብስ? ብለው ጠየቋት። የማን እንደሆነ በምን አውቄ፣ ደላላ ያመጣችው ነው አለች። ሴትዮዋ ከርከዴውን ሳይቀምሱ፣ ማስቀመጫውን በመዳፋቸው ጨብጠው ተነሱ። የፋው መንገድ ሩቅ ነው ተባለና ተሰነባበቱ። ልጁ በሩ ላይ ዞር ብሎ ምን ሆነ በሚል ዓይን አየኝ፣ እኔም ያንኑ ዓይን መለስኩለት።

በሳምንቱ አዛውንቱ ብቻቸውን መጡ። ውሃ እንኳ አልጠጡም፤ የመጡበትን ነገሩን። የልጁ እናት ትልቋን ልጃቸውን ከጥቂት ዓመት በፊት ድረዋል። ለሷ አልጋ ልብስ የሚሆን ክር ወንድማቸው ከጅዳ ላከላቸው፤ እዚህ አገር የማይገኝ፣ የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ። በደላላ እጅ ገዳሪፍ ልከው አሠሩት። ሠርጉ ሊደርስ ሲል ሥራው መጣ፤ በሦስት ጎኑ ጥርስ ወጥቶለታል፣ አራተኛው ጎን ባዶ ነው። ደላላዋ ክሩ አለቀ አለቻቸው። የሙሽራዋ ዕቃ በባሏ ዘመዶች ፊት ሲዘረጋ አንዷ ባልቴት ባዶውን ጎን አንስታ ይችን ደግሞ ምን በላት? ብላ ቤቱን አሳቀችው። ልጅቱ አልቅሳ አልጋ ልብሱን ሳትወስድ ሄደች። እስከ ዛሬ ሳጥን ውስጥ ነው።

ከዚያ አዛውንቱ የሴትዮዋን ቃል እንዳለ አስቀመጡት። አለቀ የተባለው ክሬ ከብርጭቆ ሥር ተነጥፎ አገኘሁት። ይመለስልኝ አልልም። ተርፎ ነው ወይስ ተወስዶ? ይህን ሳላውቅ ልጄን ወደዚያ ቤት አልሰድም። ይኸው ነው።

እናቴ ዓይኗን ሳታሽ፣ ተርፎ ነው አለች። ደላላዋ አራተኛው ጎን ወደ ግድግዳው ስለሆነ አይታይም፣ ይቅር ብላኝ ነው አለች። አዛውንቱ እንግዲያው ፋው ሄደሽ ይህንኑ ንገሪያቸው፣ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ ቢሏት፣ ሌባ ካለኝ ሰው ደጅ አልቆምም ብላ ወገቧን ያዘች። ደላላዋን እንጠይቃት ተባለ። ደላላዋ ፖርት ሱዳን ልጇ ዘንድ ከሄደች ቆይታለች፣ አድራሻዋን የሚያውቅ የለም። ሞባይል ገና ባልገባበት ዘመን ፖርት ሱዳን የሄደ ሰው ወደ ሰማይ ቤት እንደሄደ ነው።

ያኔ ነው መናደድ ምን እንደሆነ የገባኝ። ከእናቴ ጋር በየቀኑ እንጣላለን። ሂጂና ተናገሪ እላታለሁ፣ ኪሮሿን ታነሳለች። እሺ እኔ ልሂድ እላታለሁ፣ ዙሯን ትቆጥራለች። ባታወሪላቸው ኖሮ፣ ልጄ ናት የሠራችው ብለሽ ባትዋሺ ኖሮ ማን ያያቸው ነበር እላታለሁ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንች ነሽ እላታለሁ። አንችስ አፍሽን ብትዘጊ ኖሮ ትለኛለች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ትለኛለች። በሷ ቤት ጥፋቱ የኔ እውነት መናገር ነው።

ልጁ ደግሞ ከሁሉ ባሰብኝ። ዱካኑ በር ላይ እየመጣ ይቆማል። ታገሺ፣ ትረሳዋለች ይለኛል። እናትህ የምትረሳ ሴት ናት? እለዋለሁ። ያስብና፣ አይደለችም ይለኛል። ታዲያ አንተ ሂድና ሽንጥህን ገትረህ ንገራት፣ ሚስት የምታገባው አንተ ነህ ስለው፣ "እናቴን ምን ልበላት?" ይላል። ምን ልበላት! ዐሥር ትራክተር የሚፈታታ ሰው ለእናቱ የሚለው ቃል አጣ። ከፊቴ ጥፋ ብዬው ይሄዳል፣ ሲሄድ ደግሞ ለምን ሄደ ብዬ እናደዳለሁ።

ከሪፉ፣ ክረምቱ ማለት ነው፣ ገባ። የገዳሪፍን ጭቃ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጥቁር ነው፣ ጫማ ይበላል፣ ሰው ከቤት አይወጣም። እኔና እናቴ አንድ ጎጆ ውስጥ ተፋጠጥን። አንድ ቀን እሷ ጎረቤት ለቅሶ ሄዳ ብቻዬን ስቀር ሳጥኑን ከፈትኩ። የቀሩትን ማስቀመጫዎች ጭኔ ላይ ደረደርኩና በምላጭ የመጨረሻዋን ቋጠሮ እየፈታሁ ተረተርኳቸው። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ክሩን ሰብስቤ እሰጣታለሁ፣ አራተኛውን ጎን ትሠራላቸዋለች፣ ነገሩ ያልቃል፣ እኔም አገባለሁ።

ዳንቴል መሥራት ሲያታግለኝ ኖሮ መተርተሩ እንዴት ይቀላል መሰላችሁ። ጫፉን ስትስቡት ትር ትር እያለ ይመጣል። ጥርሱ ሲወርድ ከሥሩ ያለው ዙር ቀዳዳዎቹ ተከፋፍተው ይቀራሉ፣ ጉትቻ የወለቀበት ጆሮ ይመስላሉ። ልቃቂቱ ግን ሲታይ ያሳዝናል። ክሩ ተጨማዷል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ለአንድ ማስቀመጫ የተቆረጠ ስለሆነ ቁርጥ ቁርጥ ነው። እየቋጠርኩ ብቀጥለው ሁለመናው ቋጠሮ ሆነ። ይህ ለሙሽራ አልጋ አይደለም ለአህያ ጭነትም አይሆንም። እዚያው ቁጭ ብዬ ከንዴቴ የተነሳ አለቀስኩ።

እናቴ መጥታ ልቃቂቱን አየች። ምን አደረግሽ አለችኝ። አራተኛውን ጎን ሥሪላቸውና ይለቅ አልኳት። በሩ ላይ ጫማዋን ሳታወልቅ ቆማ ቀረች።

"የሰው ክር ነው ብለሽ መለስሽ ማለት ነው" አለች። "እናቴ ሌባ ናት ብለሽ በገዛ እጅሽ ፈረምሽ።"

ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም። እንጀራ ታቀርባለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ቃል ግን የለም። እኔም ያው የሷ ልጅ አይደለሁ፣ እልኼ ከሷ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። መንገዱ ሲደርቅ ፋው ሄጄ ነገሩን እጨርሰዋለሁ አልኩ፤ ለግድግዳው የምናገር ይመስል ነበር። አትሂጂም አላለችኝ፣ ሂጂም አላለችኝ። የምሄድ ዕለት ጠዋት ግን ቀሚሴን በከሰል ካውያ ተኩሳ አገኘኋት። መናኸሪያው ድረስ ከኋላዬ መጣች፣ አውቶቡሱ እስኪንቀሳቀስም ቆመች። አፏ አንድ ሁለቴ ሊከፈት ሲል አይቻለሁ። ልትረግመኝ መስሎኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ ማዶ አዞርኩ።

የልጁ እናት ቤት ከመስኖው ቦይ አጠገብ ነው። ደንግጠው ተቀበሉኝ፣ ውሃ ሰጡኝ፣ እግርሽን ዘርጊ አሉኝ። ልቃቂቱን ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩትና እንደ ድመት ጫወታ የተቋጠረውን ሁሉ አይተው ፈገግ አሉ። ይህን አንች ነሽ የተረተርሽው፣ እናትሽ እንዲህ አትተረትርም አሉ። ከዚያ ሳጥናቸውን ከፍተው አልጋ ልብሱን አወጡና ሰሪሩ፣ አልጋቸው ላይ ዘረጉት።

የእናቴን ሥራ ተዘርግቶ አይቼ አላውቅም ነበር። እኛ ቤት ጭኗ ላይ ተጠቅልሎ ነው የሚያድገው፣ ሲያልቅ በፌስታል ታጥፎ ይወጣል። እሷ ራሷ በሰው አልጋ ላይ ተነጥፎ አይታው እንደማታውቅ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። እንዴት ያምራል። አንዲት ዙር የተዛነፈች የለችም። በሦስቱ ጎን ጥርሱ ሰልፍ ይዟል።

ወደ አራተኛው ጎን ጎንበስ አልኩ። ጠርዙን በጣቴ ስዳስሰው ቀዳዳዎቹ ተከፋፍተዋል። ከጥግ እስከ ጥግ፣ አንድም ሳይቀር፣ ጉትቻ የወለቀበት ጆሮ። በቅርቡ በእጄ የተረተርኩ ሰው ነኝና ወዲያው ገባኝ። ጥርሱ ሳይሠራ አልቀረም። ተሠርቶ፣ አልቆ፣ ከዚያ ወርዷል። ደላላዋ ይቅር ብላት ቢሆን ኖሮ መጀመሪያውኑ ባልሠራችው። እናቴ አራቱን ጎን ጨርሳ፣ አንዱን ጎን ተርትራ፣ ለደላላዋ ክሩ አለቀ ብላ ሰጠች።

ለምንም እንደሆነ ገባኝ፣ ያ ነው የባሰው። ያን ጊዜ እኔ ለአቅመ ሔዋን የደረስኩበት ዓመት ነው። ነገ እንግዳ ይመጣብናል፣ ምን ይዘን ነው የምንቀርበው እያለች የምትነተርከኝ ያኔ ነበር። በእጇ ያለፈው የሚያምር ክር ሁሉ የሰው ነው፣ ለሷ የሚተርፋት የስንዝር ቁራጭ። አንድ ጊዜ ለልጇ የሚያምር ነገር እንዲኖራት ፈለገች። ያንን ነው እኔ በትሪ ይዤ ለባለቤቲቱ ያቀረብኩት።

የልጁ እናት ከአጠገቤ ተቀመጡ።

"እጇን የምታውቂው አንች ነሽ" አሉኝ። "ወስዳ ነው ካልሽኝ ከኔና ካንች አያልፍም፤ እናት ናት ብዬ ይቅር እላለሁ፣ ልጄንም መርቄ እሰጥሻለሁ። ተርፎ ነው ካልሽኝ ግን ሰው በሐሰት የጠረጠርኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ነውር ተሸክሜ፣ ዓይኗን እያየሁ ከእናትሽ ጋር አማች አልሆንም። እንግዲህ ንገሪኝ።"

አየህ አምላኬ፣ አልኩ በሆዴ። ልጃቸው አፍ የለው፣ እናቴ አፍ የላት፣ ደላላዋ የለች፣ ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ መጣ። ልጁን ፈልጌዋለሁ። ከምንም ነገር በላይ ፈልጌዋለሁ። አንዲት ቃል ናት፣ ደግሞም እውነት ናት፣ ከከንፈሬ ደርሳለች። ግን ሠርጉ ዳስ ውስጥ እናቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ስትቀመጥ፣ እኚህ ሴት ማዶ ሆነው ጨዋ ፈገግታ ፈገግ እያሉ ጣቶቿን ሲያዩ ታየኝ። ከዚያ በኋላ በየጥምቀቱ፣ በየፋሲካው፣ በየክርስትናው። ምንም አይሉም፤ ብቻ ያያሉ። እናቴ ደግሞ ለምን እንደሚያዩዋት አታውቅም።

"ተርፎ ነው" አልኩ።

ከዚያ እሺ አሉ። አልጋ ልብሱን ጥግ ከጥግ አገናኝተው አጣጠፉት። ምሳ አቀረቡልኝ፣ ካልበላሽ አትወጪም ብለው አስጨረሱኝ፣ አውቶቡሱ ድረስም ራሳቸው ሸኙኝ። ክፉ ሴት ቢሆኑ ምን ያህል በቀለለኝ። ልጁ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ መጥቶ ዱካኑ በር ላይ ቆመ፤ እናቴን ምን ልበላት ሲል ኸላስ፣ በቃ፣ ሂድ አልኩት። በዓመቱ ፋው አገባ ተባለ።

ያን ቀን ከፋው ተመልሼ እቤት ስደርስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። እናቴ ግቢው ውስጥ አዲስ ሥራ ጀምራ ተቀምጣለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ያናገረችኝ ያን ጊዜ ነው።

"ምን አልሻት?"

"ተርፎ ነው አልኳት።"

"አልጋ ልብሱን አላሳየችሽም?"

"አሳይታኛለች።"

"ታዲያ አራተኛውን ጎን አላየሽም?"

"አይቻለሁ።"

ሥራዋን ከጭኗ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ልታቅፈኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ተቆጣች፤ በሕይወቴ እንዲያ ስትቆጣ ዓይቻት አላውቅም።

"ታዲያ ለምን ዋሸሽ?"

ላንች ነዋ ብዬ ጮህኩባት። ላንች ብዬ ነው፣ ባሌን ጥዬ ነው የመጣሁት፣ አንች ደግሞ ለምን ዋሸሽ ትይኛለሽ? ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ለጉሞሽ ነው? ይህን ቃል ራስሽ ብታወጪው ኖሮ እኔ እዚህ ምን እሠራ ነበር? ጎረቤት ሁሉ ሰማ። እናቴ እስክጨርስ ጠበቀች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ።

"አፌ እሺ አላለኝም" አለች። "ስንቴ ሞከርኩ። መናኸሪያው ላይ እንኳ ልነግርሽ ነበር የመጣሁት። አይታ ትነግርልኛለች ብዬ ነው የሰደድኩሽ።"

ያመጣኝ አውቶቡስ ወደ ፋው የሚመለስ ነበር፤ ገና መናኸሪያው ውስጥ ሰው እየጠራ ነው፣ ብሮጥ እደርስበት ነበር። ሄጄስ? ዓይናቸውን እያየሁ ተርፎ ነው ያልኳቸውን ሴት አሁን ምን እላቸዋለሁ?